ለአባባ ደሴ ብድግ ስል

ሐሙስ፣ ግንቦት 14

ዛሬ እግዜር አተረፈኝ። የሣር ማጨጃው ትራክተር ሹፌሩ ከመቀመጫው ሲነሳ ሞተሩን የሚያጠፋ ሽቦ አለው። ከሃነቪኢም መንገድ በላይ ባለው፣ እኔ በማጭድበት አትክልት ቦታ ግን ሽማግሌዎቻችን ቀኑን ሙሉ ያልፋሉ፤ ተቀምጬ ሰላም ማለት አይሆንልኝም። በተነሳሁ ቁጥር ሞተሩ እየጠፋ ሲያሰለቸኝ፣ እኔ ብልጡ ባለፈው ሳምንት ብነሳም እንዳይጠፋ ሽቦውን ቀጥታ አገናኘሁት።

ጠዋት ጎረቤቴ አባባ ደሴ ከዘራቸውን ይዘው ብቅ አሉ። እግሬን ከፔዳሉ አንስቼ፣ እዚያው ላይ ቆሜ እጅ ነሳሁ። ትራክተሩ ማርሽ የለውም፣ በዘይት ግፊት ነው የሚሄደው፤ እግር ሲነሳለት መቆም ነበረበት። እሱ ግን ቀስ እያለ ወደ እሳቸው አመራ። ፍሬኑን ረገጥኩ፤ ላልቷል። መሪውን ጠምዝዤ ከወይራው ግንድ ጋር አላተምኩት። እሳቸው ዓይናቸው ደከም ስላለ ምንም አልጠረጠሩም።

ታልፒዮት ሰፈር ያለው ጋራዥ እንዳልወስደው የነካካሁትን ሽቦ ያዩብኛል ብዬ አፈርኩ። ራሴው የኋላውን በክሪክ አንስቼ ሞተሩን ቀሰቀስኩ። ፔዳሉ ሳይነካ ጎማው ይዞራል! የፔዳሉን ዘንግ ዳዶ አላልቼ፣ ጎማው ቀጥ እስኪል ድረስ ጥቂት በጥቂት አስተካከልኩት። ፍሬኑንም አጠበቅኩ። ቁልቁለቱ ላይ ስሞክረው ንቅንቅ አላለም። ተመስገን! ሽቦውንም እንደ ድሮው መለስኩ።

ከሰዓት አባባ ደሴ ሲመለሱ ብድግ አልኩ፤ ሞተሩ ጠፋ።

«ለኔ ብለህ ሞተር ታጠፋለህ? ምን ያለህ ጨዋ ነህ! ዕድሜ ይስጥህ» ብለው መረቁኝ።

አንገቴን ደፍቼ «አሜን» አልኩ። የጠዋቱን አልነገርኳቸውም።