ጸበል የጠጣችው ቅርንጫፍ

ሰኔ 9 ቀን 1930 ዓ.ም.፣ ልደታ

ዛሬም ደክሞኛል። ጣሊያኖቹ ቤታችንን ወስደው የእናቴን ነጭ አበባ ዛፍ ቆርጠው ሲጥሉት የተረፈችኝን አንዲት ቅርንጫፍ ዛሬ ከግርጌዋ በስብሳ አገኘኋት። ከተቆረጠችበት የሚወጣው ወተት መሳይ ፈሳሽ እስኪደርቅ ጠብቄ ነበር የተከልኳት፤ ሥር እስክታወጣ ውሃ እንዳላስነካት ተነግሮኝም ነበር። ለካ ጎረቤቴ እትዬ አጸደ አዝነውላት በየማለዳው ያጠጧት ኖሯል!

«እትዬ፣ ውሃ ይገድላታል እኮ!»

«የምን ውሃ ልጄ? የልደታ ጸበል ነው! ያውም እየጸለይኩ ነው ያጠጣኋት።»

ቢላዬን አነሳሁ። የበሰበሰውን ስቆርጥ ስቆርጥ ስንዝር የማትሞላ ቀረችኝ። ጫፏ ላይ ወተት ጠብ ሲል ግን፣ ገና እንዳልሞተች አውቄ ትንሽ ተነፈስኩ። እንድትደርቅ መስኮቱ ላይ አጋደምኳት።

ነገ ማለዳ እትዬ ጸበላቸውን ይዘው ይመጣሉ። አሁን በምኖርባት በዚህች አንዲት ክፍል ውስጥ የት አባቴ ልደብቃት?