ቢጫ ማሊያ ሲወድቅ አይታለፍም

ውድ የልጄ አባት፣

ስልክ ብደውል አታነሳም። እህትህ ጋ ስደውል «ተኝቷል» ትለኛለች፤ ከጀርባዋ ግን ሳልህ ይሰማኛል። ተኝቶ የሚያስል ባል ስለሰጠኝ ተመስገን ብዬ ወረቀት አነሳሁ። ጽሕፈቴ የዶሮ ጭረት መሆኑን ታውቃለህ። ብትቀደው እንኳ ቁርጥራጩን ገጣጥመህ ማንበብህ አይቀርም፤ እኔ አንተን አጣሁህ?

እሑድ የሳይክል ውድድር አለ። አሰልጣኙ ልጃችንን «ከሦስቱ ውስጥ ካልገባሽ ውልሽ አይታደስም» ብሏታል። የተናገረውም ቁርስ ላይ፣ የቡድኑ ሴቶች ሁሉ እየሰሙ ነው። እሷ ዳቦዋን አላምጣ ስትጨርስ «እሺ» አለች። ሻዩን የደፋሁት እኔ ነኝ።

እሑድን ግን ላቆየውና ጥለኸን የሄድክበትን ቀን ነገር ልንገርህ። አንተ በቡድኑ ሁለተኛ መኪና ቀድመህ፣ መለዋወጫ ጎማ ይዘህ ዳገቱ ላይ ነበርክ። የሰማኸው ሬዲዮ ላይ የተጮኸውን ብቻ ነው። እኔ ግን ዓይኔ ሥር ነው የሆነው።

ከድልድዩ ማዶ፣ ስንቅ መቀበያው ላይ፣ የስንቅ ከረጢቶቼን በሁለት ትከሻዬ አንጠልጥዬ ቆሜ ነበር። የውድድሩ የመጨረሻ ቀን ነው። ያቺ የሌላው ቡድን ረጅሟ ልጅ ቢጫውን የመሪ ማሊያ ለብሳለች፤ የእኛዋ በጥቂት ሰከንድ ነው የምትበለጠው። የሳይክለኞቹ መንጋ መታጠፊያውን ዞሮ ሲመጣ፣ እኔ ሁሌም እንደማደርገው ክንዴን ዘረጋሁ። ከእኔ አለፍ ብሎ የቆመው የእነረጅሟ ሰውዬም ዘረጋ። ረጅሟ ከረጢቷን ቀማ አድርጋ ትከሻዋ ላይ ልታጠልቅ ስትል ማንጠልጠያው አመለጣትና የሳይክሏ መሪ ላይ ተጠመጠመ። ሳይክሉ በአፍንጫው ቆመ። ልጅቷ አስፋልቱን በክርኗ እየፋቀች መጥታ እግሬ ሥር ተዘረረች። ኮዳው፣ ሙዙ፣ ሁሉም እንደ ድንች ተንከባለለ።

አጠገቤ የቆመው የመካኒኩ መኪና በሩ ክፍት ነው፤ ሬዲዮው ያንባርቃል። አሰልጣኙ ነው። «ወድቃለች! ረጅሟ ወድቃለች! አሁን ነው፣ ሂጂ! ሂጂ አልኩሽ እኮ፣ ምን ትጠብቂያለሽ?»

ልጅህ በፊቴ አለፈች። አልዋሽህም፣ ከወንበሯ ብድግ ብላ ሁለት ጊዜ በሙሉ ጉልበቷ ረገጠች። እኔም ሰው ነኝና ሆዴ «በያ ልጄ!» አለ። ከዚያ ማዳመጫውን ከጆሮዋ ነቅላ ደረቷ ላይ ጣለችውና እጇን አነሳች። ቀስ በሉ ማለቷ ነው። መንጋው በሙሉ ቀስ አለ። አንዷ ቀጫጫ በጎን ልትሾልክ ስትል፣

«የት ነው እቱ? እሳት ልትጭሪ ነው?» አለቻት ልጅህ።

ሌሎቹ ሳቁባት። ያቺም አፍራ ተመለሰች።

ረጅሟ ክርኗ ደም እየጣለ፣ ሌላ ሳይክል ተሰጥቷት ደረሰችባቸው። አመሰግናለሁ እንኳ አላለችም፤ ሲያልፉ የእኛዋን ጀርባ ነካ አደረገች፣ በቃ። ዳገቱ ላይ ደግሞ ረጅሟ ለእኛዋ አልራራችላትም። መራራትም የለባትም፣ እዚያ ጉልበት ነው። የእኛዋ ሁለተኛ ወጣች።

የቀረውን አንተ ታውቀዋለህ። መኪና ማቆሚያው ላይ ቁልፉን ለአሰልጣኙ ወርውረህ «ቂል ነው ያሳደግኩት! ለወደቀ የሚቆም ቂል!» ብለህ ጮህክ። ልጅህ ከመኪናው ጀርባ በውሃ ጎማ ጫማዋን ታጥብ ነበር። ሰምታሃለች። አንተ አውቶቡስ ተሳፍረህ ወደ እህትህ ስትሄድም ያንኑ ጫማ እያጠበች ነበር፤ ንጹሕ የሆነውን ጫማ።

አሁን የምጽፈውን ቁጭ ብለህ አንብበው።

ዋንጫህ ሳሎን፣ ቴሌቪዥኑ አጠገብ አለ። የምወለውለው እኔ ነኝ፤ አንተ ቀና ብለህ ስታየው አይቼ አላውቅም። አንተ ራስህ ተወዳድረህ ስታሸንፈው ገና አልተጋባንም፤ ፎጣ ይዤ መጨረሻው መስመር ላይ ቆሜልህ ነበር። ቢጫውን የለበሰው ሰውዬ ተራራው ላይ ካለው የውሃ ታንከር በታች፣ ኩርባው ላይ፣ ሽንቱን ሊሸና ወረደ። ቢጫ ማሊያ ለዚያ ሲቆም ሁሉም ቀስ ይላል። ማንም አልጻፈውም፣ ማንም ግን አይስተውም። አንተ ሄድክ፤ ቀደምክ። መድረኩ ላይ የዘረጋኸው እጅ ግን የሚጨብጠው አጥቶ አየር ላይ ቀረ።

ከዚያ ወዲያ ከጀርባው ከንፋስ የሚያስጠልልህ ጠፋ። ሁሌ ዳር ዳሩን፣ ብቻህን፣ ንፋሱን በደረትህ። በዚያ ሐሩር ኮዳህ ሲያልቅ አንድ ጉንጭ ውሃ የሚያቀብልህ አልነበረም። ዓመት ሳይሞላህ ተውከው። ለልጅህ «ጉልበቴን አሞኝ ነው» አልካት። ውድድሩ በዚያ ተራራ ባለፈ ቁጥር ደግሞ «የመኪናዋ ሞተር ደስ አላለኝም» ብለህ ትቀራለህ። እኔም ሞተሩን ያመንኩ መስዬ ኖሬያለሁ። ስለምወድህ ዝም አልኩ፤ ስለምወድህም ነው አሁን የምናገረው። የዚያን ቀን የጮህክባት አንተ ሳትሆን ያ ዋንጫ ነው።

ትናንት ለእሑድ ስንቅ የሚሆነውን የሩዝ ኬክ እየጠቀለልኩ ሳለ ልጅህ መጣችና ጠረጴዛው ላይ ቁጭ አለች።

«እማዬ፣ አባዬ እሑድ ይመጣል?»

«በዚያ ተራራ? ሞተሩ ይታመምበታል» አልኳት፣ ለማሳቅ።

«ጉልበቱስ?» አለችኝ፤ ፈገግ ብላለች።

እጄ ላይ ያለው ኬክ ፈረሰ። «ምን ማለትሽ ነው?»

«ተይ እንጂ እማዬ። የቡድናችን ሽማግሌ ወጌሻ እግሬን እያሸ ሁሉንም ነግሮኛል። ገና ስጀምር።»

እስከ ዛሬ ሁሉ! በየዳገቱ ስምህን እየጠራች፣ ዳር ቆመህ የምታፏጭላትን ያንን ፉጨት እየፈለገች፣ ሁሉንም ታውቅ ነበር።

«ታዲያ አባትሽን አልታዘብሽውም?»

«ምኑን ነው የምታዘበው? ከፍሎበታል እኮ። እኔም እኮ ሁለቴ ረግጬ ነበር፣ አይተሻል። ሦስተኛውን ልረግጥ ስል አባዬ ብቻውን ንፋስ ሲገፋ ታየኝ። እግሬ እምቢ አለኝ።»

«እሺ ለምን አትጠይቂውም ነበር?»

«ራሱ እስኪነግረኝ ነዋ። መጠበቅ እንደምችል አላየሽም?»

ይህን ብላ ከሩዝ ኬኩ አንዱን አንስታ ሄደች። እኔ እንባዬ ኬኩ ላይ እንዳይንጠባጠብ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። ጨው ከበዛበት ደግሞ ይኸው አሰልጣኝ በእኔ ላይ ሊጮህ ነው።

ስለዚህ ስማኝ። የእሑዱ ውድድር በዚያው ተራራ ነው። ታንከሩ ዝጎ ቆሟል፤ ኩርባውም እዚያው ነው። «አባዬ እዚያ ይቁምልኝ» ብላለች፤ ሌላ ቦታ አይደለም፣ እዚያ። ንግግር አያስፈልግህም። ፉጨትህ ይበቃል፤ የቀረውን ስትወርድ ትነግራታለህ፣ ወይ በሌላ ቀን። ነጩን ባርኔጣህን አጥቤዋለሁ፣ ከሩቅ የምታውቅህ በሱ ነውና። አንተ ካልመጣህ ከረጢቶቹን ለመካኒኩ ትቼ እኔ አጥልቄው እቆማለሁ፤ እስከ አፍንጫዬ ይወርዳል፤ ማፏጨት ደግሞ አልችልም፣ ምራቅ ብቻ ነው የሚወጣኝ። ልጅህን በዚያ ቁርጥ ቀን በሳቅ ከሳይክል አታስጥልብኝ።

ከሦስቱ ውስጥ ትግባ አትግባ እኔ አላውቅም። አንተ ኩርባው ላይ ብትቆምም ዳገቱ ዳገት ነው፤ ውሉም የአሰልጣኙ ነው። አንድ ነገር ግን አውቃለሁ፤ ልጅህ እጇን አንስታ፣ ቀስ እያለች፣ ዞር ዞር እያለች ታይሃለች። ዕድሜ ልኳን ቀስ ልትል አትችልም፣ የኔ ጌታ። ድረስባት።

ከረጢት አቀባይዋ ሚስትህ

ይህን ደብዳቤ የሚያመጣልህ መካኒኩ ነው። ሁለተኛዋን መኪና እህትህ በር ላይ አቁሞልህ በአውቶቡስ ይመለሳል፤ አሰልጣኙ አጉረመረመ እንጂ እንዳንተ ያለ ሾፌር ከየት ያመጣል? ባርኔጣህ ከኋላ ወንበር ላይ ነው። ሞተሩን ከላይ እስከ ታች አስፈትሼዋለሁ። ምንም አልሆነም።