ስለ ኮምፒውተሮቹ የጻፍሽው አንድ መስመር

…ከዚያ አባባ ዜና ሊያዩ ሲገቡ፣ እኔ ደንግጬ ገመዱን ከቴሌቪዥኑ ልነቅል ስል፣ አንቺ እጄን ይዘሽ «አንድ ደቂቃ ይታገሡን አባባ፣ ካሴቱ ሊያልቅ ነው» ስትያቸው፣ ኮምፒውተሯ ደግሞ ጨዋታውን ከካሴቱ ስትጭን እንደተረገጠች ድመት ስትጮኽ… ከዚያ በኋላ የሆነውን አላስታውስም። ዜናውን አዩ ወይስ ተዉት? ዛሬ ሱቁን ስከፍት ይኼ ትዝ ብሎኝ ሰላምታ ሳላስቀድም ገባሁበት።

እታለም፣ እንዴት ነሽ? ያ ደረቅ ሳል ለቀቀሽ? ጉልበትሽስ ደረጃ መውጣቱን እሺ አለሽ? ልጆቹ፣ ባለቤትሽ፣ ሥራሽ፣ ሁሉም እንዴት ነው? እኛ ደህና ነን። እማማ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት እያቃታት ከመሆኑ በቀር ደህና ናት። አባባ ከቴሌቪዥናቸው ጋር ናቸው፤ አሁን የሚሻማቸው የለም። እኔም ደህና ነኝ ልበልሽ።

ደህና አይደለሁም። ተናድጃለሁ። ባንቺም ጭምር።

ባለፈው ደብዳቤሽ መጨረሻ ላይ «እነዚያ ያንተ ኮምፒውተሮች ሊቀሩ ነው እየተባለ እዚህ ይወራል፤ ብርዱማ አይጣል ነው» ብለሻል። ከዚያ ስለ ካፖርትሽ። ሊቀሩ ነው ማለት ምን ማለት ነው? መሠራታቸው ነው የሚቀረው? መሸጣቸው? አውቶቡስ ላይ ሰማሽ ወይስ ጋዜጣ ላይ አነበብሽ? እነሱ የሚሠሩበት አገር ተቀምጠሽ፣ ለካፖርት ቁልፍ ግማሽ ገጽ፣ ለእኔ እንጀራ ግማሽ መስመር!

ደብዳቤሽ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቶ ሳለ ሸሪኬ አየው። እርግጤን ታውቂዋለሽ፤ የሚያውቀውንም የማያውቀውንም «እርግጥ ነው» ብሎ የሚጀምረውን። ደንበኞች በተሰበሰቡበት ጮክ ብሎ አነበበው። የሒሳብ አስተማሪው ኮምፒውተሩን ሊያስጠግን አምጥቶ ነበር፤ መልሶ በጨርቁ ጠቀለለው። «ለሞተ ሰው መድኃኒት ልግዛ እንዴ?» ብሎን ወጣ። ከሰዓት በኋላ ወሬው በልብስ ሰፊዋ በኩል ዞሮ ወደ እኛው ሲመለስ፣ ፋብሪካው ተቃጥሏል ተብሎ ነበር። ሌላው ደግሞ የለም፣ አዲስ ዓይነት ሊመጣ ነው፣ አሮጌውን ላመጣ ሰው በነጻ ይቀይሩለታል አለ። ይኼኛው ባሰ። የሚያስጠግን ጠፋ፤ ሁሉም ጠባቂ ሆነ።

እርግጤ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ካርቶን ቀዶ በቀይ ቀለም «ወሬው ውሸት ነው! ኮምፒውተሮቹ አይቀሩም!» ብሎ ጻፈና መስኮቱ ላይ ለጠፈው። ምንም ያልሰማ መንገደኛ ሁሉ አንገቱን እያስገባ «የምን ወሬ?» ይለን ጀመር። እርግጤም ወንበር ስቦ ከሥር ከመሠረቱ ያስረዳዋል። ሰውየው ያልነበረበትን ስጋት ተሸክሞ ይወጣል። «ኧረ በፈጠረህ አንሳው» ስለው «አሁን ካነሳሁትማ እውነት ነው ማለት ነው» አለኝ። ልክ ነው። የሚያቃጥለኝም ልክ መሆኑ ነው።

ስሠራ እንኳ ጆሮዬ መንገዱ ላይ ነው። ሁለት ሰዎች ቆመው ሲያወሩ ካየሁ ስለ እኛ ይመስለኛል። ስለ ዝናብ ይሆናል።

የኋላውን ክፍል አላየሽውም። የሞቱትን ኮምፒውተሮች እዚያ ነው የምንደረድራቸው፤ «ሬሳ ቤት» እንለዋለን። መለዋወጫ መምጣት ካቆመ ቆይቷል። ከአንዷ የፊደል ቁልፍ፣ ከሌላዋ ሽቦ እየነቀልን ነው የቆሙትን የምናስነሳው። እነሱ ካሉ ሱቁ አለ። ከሌሉ እኔ መበየጃ የያዘ ሥራ ፈት ነኝ። አሁን አንድ የውራጅ ነጋዴ መጥቶ ሁሉንም በጅምላ እወስዳለሁ ብሏል። እርግጤ ወሬው እውነት ሆኖ ሳይረክሱ እንሽጣቸው ይላል። እኔ ደግሞ እውነት ከሆነማ ጭራሽ መሸጥ የለባቸውም እላለሁ፤ አዲስ ካልተሠራ ሰው ያለውን ይዞ ወዴት ይሄዳል? «አንተ ከሙታን ጋር ተጋብተሃል» ይለኛል። የክፍሉ ቁልፍ ግን እሱ ኪስ ውስጥ ነው።

የእኛዋም እዚያ ናት። ያቺ የካሴቷ። ሻይ የደፋሽበት ቁልፍ አሁንም ሲጫኑት ይጣበቃል። ከሌሎቹ መሃል አስቀመጥኳት እንጂ ከእሷ አንዲት ብሎን ፈትቼ አላውቅም። ለእርግጤ አልነገርኩትም። ምን ብዬ?

ስለዚህ እባክሽ፣ አንዱ ሱቅ ግቢና ሻጩን ጠይቂልኝ። የሰማሽውን ተዪው፤ ያየሽውን ጻፊልኝ። መደርደሪያው ላይ አሉ ወይስ የሉም? ሱቁን «ጥለኸው ና» የምትዪውንም እባክሽ አትድገሚብኝ። የሚጣል ነገር ሆኖ የሚታየው ከሩቅ ነው።

ትንሿን ጉንጯን ሳሚልኝ። ትልቁን ጨብጪልኝ፤ መሳም ያፍራል ብለሽ የለ? ባለቤትሽን፣ ለላከልኝ የብሎን መፍቻ እግዜር ይስጥልኝ በዪልኝ፤ በየቀኑ ከእጄ አይለይም። እማማ ካፖርትሽን እስከ አንገትሽ ቆልፊ ትላለች። አባባ ዜናው ሲያልቅ ሰላምታዬን እነግርሃለሁ ብለውኝ ነበር፤ አላለቀም።

ከሱቁ፣ ካርቶኑ ከተለጠፈበት መስኮት ሥር፣ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ።

ነጋዴው መጣ። ጆንያ ይዟል። እርግጤ ቁልፉን ከኪሱ አወጣ። «አንተ ጽሕፈትህን ጨርስ» አለኝ፣ ቀና ብሎ ሳያየኝ። ተከታትለው ወደ ኋላ ገቡ። በሩ ተዘጋ።