በፀሐይ ለበሰለው ጠርሙስ የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩት የቆዳ ውበት ማእከል የበላይ ኃላፊ
ባሉበት፣ ማለትም ከፎቶ ቤቴ ፊት ለፊት፣ መንገዱን ተሻግሮ

ክቡር ኃላፊ ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለራስዎ ጤና፣ ለቤተሰብዎ ሰላም፣ በተለይም ለፊትዎ ደኅንነት ያለኝን መልካም ምኞት ዝቅ ብዬ አቀርባለሁ። በየማለዳው ቆርቆሮ መዝጊያችንን እኩል እየከፈትን አንገታችንን ነቅነቅ አድርገን ሰላም የምንባባል ጎረቤታሞች ስንሆን፣ በቃል ልነግርዎ የሚገባኝን በአደባባይ መጻፌ ከብልግና እንዳይቆጠርብኝ እለምናለሁ። ደጅዎን ደጋግሜ ጠንቼ ነበር፤ ዘወትር ስብሰባ ላይ ነዎት እባላለሁ። ስብሰባው ከስልክዎ ጋር ብቻ እንደነበር በመስታወቱ በኩል ይታይ ስለነበር፣ ማቋረጡን ነውር አድርጌው ተመለስኩ።

ጉዳዬ የልጄ ጉዳይ ነው። ልጄ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የኬሚስትሪ መምህርት ናት፤ ሥራውን ገና መጀመሯ ስለሆነ ቅጥሯ በሙከራ ላይ ነው። ፊቷ ወዛም ነው፣ ብጉርም ቤቱ አድርጎታል። ተማሪ ፊት መቆም ሲያሳፍራት ወደ ማእከልዎ መጣች። ነጭ ጋውን የለበሱት ሠራተኛዎም የፊት ወዝ በአየርና በፀሐይ ሲበላሽ ቀዳዳውን እየደፈነ ብጉሩን እንደሚያባብሰው፣ አንቲኦክሲዳንት የሚባሉት ነገሮች ደግሞ ይህን ብልሽት እንደሚከላከሉ አስረድተው ሴረም የሚሉትን ፊት የሚቀባ የቫይታሚን ሲ ፈሳሽ ሸጡላት። እስከዚህ ድረስ የተነገራት ልክ ነው፤ ቅሬታ የለኝም። ምስጋናዬ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው።

፩ኛ/ ስለ መስኮትዎ አመሰግናለሁ። የፎቶ ሰው ነኝና ብርሃን የት እንደሚያርፍ ሳላይ አልውልም፤ የከሰዓት ፀሐይም በሰፈሩ ውስጥ እንደ እርስዎ መስኮት አጥብቆ የሚወደው ቦታ የለም። ሴረሞችዎን ብርሃን በሚያሳልፍ ነጭ ጠርሙስ እዚያው ደርድረው፣ ፀሐዩ ያነሳቸው ይመስል ከሥራቸው አምፖል ጨምረውላቸዋል። ሲደረደሩ እንደ ውሃ የጠሩ ነበሩ፤ ከርመው ቀይ ሻይ መሰሉ። ልጄ ቀለሙን አይታ ስትጠይቅ ሠራተኛዎ፣ «አይዞሽ፣ በስሎ ነው፤ በጠቆረ ቁጥር ኃይሉ ይጨምራል» አሏት። ሙዝ ሲበስል አይቻለሁ፤ መድኃኒት በማብሰል ግን ማእከልዎ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም። ከብልሽት ያድናል የተባለው ራሱ ቀድሞ ተበላሽቶ ለገበያ ሲቀርብ፣ የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ያሉት አባቶች ሱቅዎን ሳያዩ መናገራቸው ይደንቀኛል። ኬሚስትሪ ተምራ እንዴት አመነች ይሉ ይሆናል። እኔም ጠይቄያት ነበር፤ ብጉር የወረሰው ሰው መስታወቱን እንጂ የተማረውን አያይም አለችኝ።

፪ኛ/ ፊቷ ቀልቶ መለብለብ በጀመረ ጊዜ ስለተሰጣት ማጽናኛም ምስጋናዬ ይድረስዎ። ካላቃጠለ አልሠራም ማለት ነውና ጨምሪበት ተባለች። በዚህ ሕግ ከሄድን የጋለ ካውያም ሁነኛ የፊት ማስዋቢያ ስለሚሆን፣ ከጠርሙሶቹ አጠገብ ቢደረድሩት ገበያ አያጡም።

፫ኛ/ ቃጠሎውን ለማብረድ በወዛም ፊቷ ላይ እንደ ቅቤ የወፈረ ክሬም ደርበውላታል። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ የሚለውን ተረት በቃል ሰምተነው ነበር፤ በተግባር ስላሳዩን እግዜር ይስጥልን።

አራተኛውን ስጽፍ ትሕትናዬ ከዳኝ፤ ይቅርታዎን እሻለሁ። ፊቷ ተዥጎርጉሮ ተመልሳ ስትመጣ፣ ችግሩ ከሴረሙ ሳይሆን ከእሷ መሆኑ ተነገራት፤ ጭንቀታም ስለሆነች ጭንቀቷ ፊቷ ላይ ወጥቶ ነው ተባለ። ልጄ ይህንንም አመነች። ከዚያ ወዲህ ክፍል ስትገባ ጀርባዋን ለተማሪዎቹ ሰጥታ፣ ሰሌዳ ላይ እየጻፈች፣ ለሰሌዳው እያስረዳች ትወጣ ጀመር። ዳይሬክተሯ ታግሰው ታግሰው፣ ፊቷን ወደ ተማሪ ካላዞረች ቅጥሯን እንደማያጸኑላት ነገሯት። ለመምህርነት መታወቂያዋ ፎቶ ስትጠየቅም እምቢ አለች፤ የፎቶ አንሺ ልጅ ፎቶ አጣች። እውነቱን ለመናገር ያኔ እጅግ ተናደድኩ፤ መንገዱን ተሻግሬ ያልመጣሁት ልጄ እጄን ይዛ ስላስቀረችኝ ብቻ ነው።

በመጨረሻ ወደ ቆዳ ሐኪም ወሰድኳት። ሐኪሟ ሴረሙን አሽትተው፣ ቫይታሚን ሲ ምንም ጥፋት እንደሌለበት፣ ጥፋቱ ፀሐይ ላይ ያሰጣው ሰው መሆኑን ነገሩን። ሁሉንም አስቁመው ለስላሳ መታጠቢያና በጥቁር ጠርሙስ የታሸገ፣ ወዝ የሚቀንስ ኒያሲናማይድ የሚባል ቅባት ብቻ አዘዙላት፤ ታገሺ፣ ቀስ እያለ ነው የሚሻልሽ አሏት። የማያቃጥል ሕክምና መኖሩን ልጄ ያኔ አወቀች።

ክቡር ሆይ፣ ፊቷ ገና አልጠራም፤ እየተሻላት ነው እንጂ ድናለች ብዬ አልዋሽዎትም። ነገር ግን ዳይሬክተሯ ክፍል ገብተው ሊመለከቷት በቀጠሩበት ዕለት ሁለት የተላጠ ድንችና ሎሚ፣ የእርስዎንም ጠርሙስ በቦርሳዋ ይዛ ሄደች። ሎሚ ያልነካው ድንች በአየር ሲጠቁር፣ ሎሚ የተቀባው ግን በሎሚው ቫይታሚን ሲ ተጠብቆ ነጭ ሆኖ ሲቆይ ለክፍሉ አሳየች። ቀጥላ ጠርሙሱን አነሳችና ፊቷን ወደ ተማሪዎቿ አዞረች። ግማሾቹ እንደ እሷው ብጉር የወጣባቸው ስለነበሩ ፊታቸውን በእጃቸው ሸፍነው ነበር የተቀመጡት።

«ይህን ፊቴን ስቀባው ከረምኩ» አለቻቸው። «ፊቴንም እዩት፣ ጠርሙሱንም እዩት። የተበላሸው የቱ ነው?»

ክፍሉ በአንድ ድምፅ «ጠርሙሱ!» አለ። ቅጥሯ ጸና።

ከትምህርት ቤት ስትመለስ በቀጥታ ወደ ፎቶ ቤቴ ገብታ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ካሜራውን ሳስተካክል፣ «አባዬ፣ ፊቴን እንዳታሳምርልኝ» አለችኝ። አላሳመርኩትም። በሥራ ዘመኔ ካነሳኋቸው ፎቶዎች ሁሉ የምኮራበት እሱ ነው።

ስለዚህ ለዋሉልን ውለታ ሁሉ ከፍዬ የማልጨርስ ባለዕዳ መሆኔን እያረጋገጥኩ፣ መስኮትዎ እንደበራ፣ ፊትዎ እንደወዛ፣ ስብሰባዎም ሳይቋረጥ እንዲኖሩ ከልብ በመመኘት፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር እሰናበታለሁ።

የመንገድ ማዶው ፎቶ አንሺ፣
የመምህርቷ አባት

ማስታወሻ፦ ክፍያ የማይጠየቅበት ማስታወቂያ ነውና ደስ እንዲልዎ፣ የመስኮትዎን ሁለት ፎቶዎች አሳድጌ በፎቶ ቤቴ መስኮት ሰቅዬልዎታለሁ፤ አንዱ ጠርሙሶቹ እንደ ውሃ የጠሩ ጊዜ የተነሳ፣ ሁለተኛው የትናንት። እንደ ልጄ ፎቶ ሁሉ እነዚህንም አላሳመርኳቸውም። የእኔ መስኮት ጥላ ስለሆነ፣ ቀለማቸው ይለወጣል ብለው አይስጉ።