ከአጥሩ ውጪ ያለችው ድንጋያችን

እሑድ፣ ጥር 18 ቀን 2017

ዛሬም ከባሌ ከዮናስ ጋር አንድ የማንጎ ጁስ ለሁለት ይዘን፣ ከሆቴሉ አጥር ውጪ ያለችው ድንጋያችን ላይ ተቀምጠን የሆቴሉን የሙዚቃ ባንድ በነፃ ሰማን። የጋሞው ዘፈን ሲጀመር ግን እንደ ሌላው እሑድ ተነስተን አልጨፈርንም። ከተመረቅኩ ጀምሮ የምጠብቀው ሥራ ተገኘ፤ ጂንካ ነው፣ ሐሙስ መግባት አለብኝ። የዮናስ ሥራ ደግሞ እዚሁ አርባ ምንጭ ነው፤ ከመጣን ገና ሦስት ወራችን።

«ሂጂ በለኝ፣ ወይ ቅሪ በለኝ» አልኩት።

«እኔ ምን ልበልሽ?» አለና የቀረውን ጁስ ለእኔ ተወልኝ።

ዘበኛው ጋሽ ጴጥሮስ በአጥሩ አሻግረው አዩን። «ሙሽሮች፣ ዛሬ እግራችሁን ምን ነካው?»

ወደ አጥሩ ጠጋ ብለው፣ «ግድ የለም፣ ለሚመጣው እሑድም ድንጋዩን እይዝላችኋለሁ» አሉ።

ሁለታችንም እኩል «እሺ ጋሼ» አልን።