ቀይ፣ ትልቅ፣ መሃል ላይ

ኮኪዬ፣ እየሳቅሁ ነው የምጽፈውና ጽሕፈቴን ቻይው! አንቺ «ማንም አይገባውም» ባልሽኝ በነዚያ የጽሑፍን መልክ በሚለውጡ ትንንሽ የኮድ ክላሶች፣ እዚህ ኬንያ ሞያሌ ኢንተርኔት ቤት ላላት ለአግነስ ድረ ገጽ ሠራሁላት። አንዷ ታቀላለች፣ አንዷ ታሳድጋለች፣ አንዷ መሃል ታመጣለች፤ ሌላ ሥራ የላቸውም። ኮድ አይታ የማታውቀው አግነስ ስማቸውን አንብባ ወዲያው ገባት! እኛ አዲስ አበባ ገጽ ላይ ላለች ለአንዲት ሳጥን የኮድ ስም ለማውጣት ሳምንት ሙሉ ተጨቃጭቀናል፤ እሷ ሻዬ ሳይበርድ ዋጋውንም፣ ስልኩንም፣ እዚሁ ቡቲዬ ሰፈር ያለውን ነጋዴ የጉራቻን የፍየል ማስታወቂያም «ንዙሪ ሳና!»፣ በጣም ያምራል፣ እያለች አቀላችው። ጉራቻ ደግሞ ከኋላዋ ቆሞ «የኔ ከሁሉም ይትለቅ!» ይላል። ክርክራችንን አሸንፌያለሁ፤ ገጹ ግን ዓይን ያቃጥላል። ፖስት ካርዱ ሞላብኝ። አግነስ ሰላም ብላሻለች፤ ቀይ፣ ትልቅ፣ መሃል ላይ።

ያንቺው ጋሮማ