የግልገሎቻችንን ጭራ ያተረፉልን የወይዘሮ ቦዲል ራውንስቢየር ዕረፍት

ከሞርስ ደሴት ምዕራብ ዳርቻ አሳማ አርቢዎች ማኅበር፤ ለአባላት፣ ለሠራተኞችና ለደሴታችን ሕዝብ በሙሉ።

በዴንማርክ ያለ አሳማ ሁሉ ዛሬ ጭራውን ጥሎ ሐዘን ተቀምጧል። እርግጥ ይህን ትንሽ አስፍተነዋል፤ ካገራችን አሳማ አብዛኛው ጭራው ገና በግልገልነቱ ስለሚቆረጥ የሚጥለው የለውም። እንግዲያው የስምንቱ እርሻዎቻችን አሳማዎች እንበል፤ እነሱም መኖ እስኪቀርብ ድረስ።

የማኅበራችን መሥራችና ሊቀ መንበር ወይዘሮ ቦዲል ራውንስቢየር ባለፈው ቅዳሜ በድንገተኛ የልብ ሕመም፣ በሰባ አንድ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ማኅበሩ የተሰማውን ጥልቅ ሐዘን ይገልጻል። ከሐዘኑ ጎን ለጎን ግን አፍነን ልንይዘው ያልቻልነው ደስታ አለ፤ እሱንም በዚሁ መግለጫ እናሳውቃለን። ጸሐፊያችን የማታ ትምህርቱን ዘንድሮ ስለጨረሰ መግለጫው ረዘም ቢል አይፈረድበትም።

ወይዘሮ ቦዲል በደሴቲቱ ተወልደው፣ ከባለቤታቸው ከአቶ ቪላስ ጋር የወላጆቻቸውን እርሻ ተረክበው፣ እናት አሳማ በማርባትና ግልገል በማሳደግ ኖረዋል።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2009፣ እናት አሳማ ስትወልድ የምትታጠርበትን ጠባብ የብረት አጥር ከበረታቸው ነቅለው አወጡ። ጎረቤቱ ሳቀ። እናቲቱ እንደ ልቧ ከተገላበጠች ልጆቿን ትተኛባቸዋለች የሚለው ስጋት ውሸት አልነበረም፤ የመጀመሪያው ክረምት ብዙ ግልገል ፈጅቷል። ወይዘሮ ቦዲል ግን አጥሩን አልመለሱም። ጋጣውን አሰፉ፣ ለግልገሎቹ ሞቃት ጥግ አበጁ፣ ጭድ ጨመሩ። ሳቁ ቀስ እያለ ጠፋ፤ የሳቁት ሰዎች ደግሞ ጋጣ ለመለካት ሜትር ይዘው መጡ።

በ2013 ማኅበራችንን መሠረቱ። የእንስሳት እንክብካቤ ምስክር ወረቀቱ ለስምንቱም እርሻ አንድ ይሁን፣ አንዱ ከወደቀ ሁሉም ይውደቅ ያሉት እሳቸው ናቸው። በዚህ ደንብ የተነሳ የደሴቲቱ ሰው የጎረቤቱን አሳማ ጤና ከጎረቤቱ ሚስት ቀድሞ ያውቃል።

በ2014 የመጀመሪያው ቁጥጥር መጣ። እኛ እንግዳ ሲመጣ ቤት መጥረግ ለምዶብናል፤ ስምንታችንም በረታችንን አጠብን። ጭዱን አውጥተን ሲሚንቶውን አብለጨለጭነው፤ ምጥ የቀረባት እናት አሳማ በአፏ ጭድ እየተሸከመች የሠራችውን ጎጆ ሳይቀር ጠርገን ጣልነው። ተቆጣጣሪዋ ጭድ የሌለበትን የሚያበራ ወለል ዓይታ ሁላችንንም ጣለችን። በስብሰባው ላይ ንጽሕና ወንጀል ሆነ ወይ እያልን አጉረመረምን። ወይዘሮ ቦዲል ሁሉንም ሰምተው ሲያበቁ፣ “ለተቆጣጣሪዋ ብላችሁ ጠረጋችሁ። ጋጣው ውስጥ የምትወልደው እሷ ናት?” አሉ። በሚቀጥለው ዓመት አለፍን።

ባለፈው መኸር በአቶ አስገር ታንግ እርሻ ግልገሎቹ እርስ በርስ ጭራ መነካከስ ጀመሩ። አስገር ከአባላቱ ሁሉ በዕድሜ ትንሹ ነው፤ እርሻውን ከተረከበ ብዙም አልቆየም። የቆሰለ ግልገል በበዛ ጊዜ የሚነካከሱት እንዳያገኙ ጭራቸውን ሊቆርጥ ወሰነ። ከቆረጠ ደግሞ የስምንታችንም ምስክር ወረቀት ይሰረዛል፤ ግልገሎቻችንን የሚረከበው ቄራ ያለሱ በሩን ይዘጋብናል። ወይዘሮ ቦዲል ቦት ጫማቸውን አጥልቀው ሄዱ።

“አንተ ልጅ፣ ቤትህ ሲጨስ የእሳት ደወሉን ነው የምትነቅለው?” አሉት።

“እንቅልፍ ከነሳኝማ እነቅለዋለሁ፣ ቦዲል” አላቸው።

ወይዘሮ ቦዲል ሳቁ፤ ግን ከሐሳባቸው ንቅንቅ አላሉም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ክረምቱን ሙሉ ከበረቱ ጠፍተው አያውቁም። ጋጣ ለጋጣ ተንበርክከው እየዳበሱ፣ በበሩ ሥር የሚገባው የባሕር ነፋስ ግልገሎቹን እንደሚያበሳጫቸው ደረሱበት። በሩ ተደፈነ፣ ጭዱ ተጨመረ፣ ቁስሉ ዳነ። የቀረው ቁጥጥሩን ማለፍ ብቻ ነበር፤ እሱም በአስገር በረት እንዲደረግ ተቆርጦ የነበረው ለትናንት ዓርብ ነው።

ቀብራቸውም ትናንት ሆነ። ቁጥጥሩ ይራዘምልን ብለን ብንጠይቅ፣ ተራው ለሌላ ወቅት እንደሚተላለፍ፣ እስከዚያም ምስክር ወረቀቱ እንደሚቋረጥ ተነገረን። አፍረን ወደ አቶ ቪላስ ሄድን። አስገር አንገቱን ደፍቶ፣ ቀብሯ ላይ ሳልገኝ እንዴት ይሆናል አለ።

አቶ ቪላስም፣ “አሳማ ጥለህ ብትመጣ ከሳጥኑ ወጥታ ነው የምትመልስህ። እዚያው ሁን” አሉት።

አስገር ቀረ። አስከሬኑን የያዘው መኪና ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲያመራ በበረቱ መስኮት ሥር አለፈ። ተቆጣጣሪዋ በዚያው ሰዓት በረቱ ውስጥ ነበረች። እናት አሳማዎቹም በክብር ተነስተው ቆሙ።

ከቀብር በኋላ በመንደሩ አዳራሽ ተሰብስበን አጃ ዳቦና ቡና ቀርቦልን ሳለ አስገር የበረት ልብሱን እንደለበሰ ገባ። ሽታው ቀድሞት ቢገባም ማንም አፍንጫውን አልያዘም። እንደ ልማዳችን ሥርዓቱ ሲያበቃ ባንዲራው ከግማሽ ምሰሶ ወደ ጫፍ ወጥቶ ነበርና፣ እሱ ለዜናው የተሰቀለ መስሎታል።

“ማን ነገራችሁ?” አለ።

“ምኑን?” አሉት አቶ ቪላስ።

“ማለፋችንን ነዋ።”

ማጨብጨብ ነውር ይሁን አይሁን ስናመነታ ቀድመው ያጨበጨቡት አቶ ቪላስ ናቸው። ከዚያ በኋላ አዳራሹን ዝም የሚያሰኘው አልተገኘም። የምስክር ወረቀቱ ለስምንቱም እርሻ ታድሷል፤ የአንድም ግልገል ጭራ አይቆረጥም። ማኅበሩ ይህን ለሕዝብ ሲያሳውቅ ሐዘንተኛ መሆኑን ለአፍታ ረስቶ እንደነበር አይደብቅም።

ለባለቤታቸው ለአቶ ቪላስ፣ ለሁለት ሴት ልጆቻቸው፣ ለልጅ ልጆቻቸውና ለሥራ ባልደረቦቻቸው መጽናናትን እንመኛለን።

ሳንፈርም በፊት አንድ እርማት አለን። አስከሬኑ ሲያልፍ እናት አሳማዎቹ ተነስተው ቆሙ ያልነው ጸሐፊው ለማሳመር የጨመረው ነው፤ ሌላው ሁሉ እውነት ነው። ደንግጣ ብድግ የምትል እናት መልሳ ስትወድቅ ልጇን ትጨፈልቃለች፤ ወይዘሮ ቦዲልም ዕድሜያቸውን የፈጁት የረጋች እናት መርጠው በማርባት ነው። ተቆጣጣሪዋ ከሁሉ በፊት የመዘገበችው ያየችውን ነው፦ የቤተ ክርስቲያኑ ደወል እየተደወለ፣ መኪናው በመስኮቱ ሥር እያለፈ፣ ሁሉም በጭዳቸው ላይ በጎናቸው ተጋድመው ያጠቡ ነበር። አንዷም ቀና አላለች።